ቁልቁል የሚወርድ ዋና ከተማ

ጂንካ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚመጣው ከጂንካ ለመሄድ ነው። ሻንጣው ገና ከመኪናው ጣሪያ ሳይወርድ «ከዚህ ሙርሲ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይላል። ሙቅ ውኃ መኖሩን ይጠይቃል፤ ዋይፋይ መኖሩን ይጠይቃል፤ ሾፌሩ በስንት ሰዓት እንደሚቀሰቅሰው ይጠይቃል። ስለ ከተማዋ አንድ ነገር ካነሣ፣ ነዳጅ ማደያው ወዴት ነው ብሎ ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሆቴሎቹን ግቢ ያየ ሰው፣ ከተማው በአንድ ጀንበር ተለቆ እንዲወጣ የታዘዘ ይመስለዋል። ላንድክሩዘሮች ተሰልፈው ሞተር ያሞቃሉ፤ ጀሪካን ይታሰራል፤ እንቁላል ፍርፍር በጥድፊያ ይዋጣል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ጂንካ ውስጥ የሚቀረው የጂንካ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አቧራው እስኪሰክን ጠብቆ በሩን ይከፍታል።

ሰው ሮምን ይጎበኛል፤ ፓሪስን ይጎበኛል፤ ጎንደርን ይጎበኛል። ጂንካ ያደረ እንጂ ጂንካን የጎበኘ አላጋጠመኝም። ስንት ዘመን የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ተብላ ኖራ የሚዞራት ሰው ማጣቷ ቅር አለኝና ልዞራት ተነሣሁ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶ፣ በወይጦ ቆላና በቀይ አፈር አልፎ የመጣ ሰው ጥቂት ቢያክልበት ምን ይጎዳዋል?

የዋና ከተማ ጉብኝት የሚጀመረው ከመሀሉ ነው። የጂንካ መሀል ደግሞ ሜዳ ነው።

አደባባይ አላልኩም። ሜዳ ነው ያልኩት፤ ሣር የበቀለበት፣ ረጅም፣ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ። ሌላው ከተማ ቤተ መንግሥቱን ወይም ደብሩን መሀል አድርጎ ሲሰፋ፣ ጂንካ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ሣር ከብባ አደገች። አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት፣ አብዛኛው ሰዓት እንደዚያ ነውና፣ ሜዳው የከብቱና የልጆቹ ነበር። ከብቱ ይግጣል፤ ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ፤ ከገበያ የሚመለሰው በአቋራጭ ያልፍበታል። አውሮፕላኑ ብቅ ሲል ከብቱ ይነዳል፤ ጨዋታውም ይቋረጣል። በዓለም ላይ ጨዋታን የሚያቋርጠው ዳኛ ነው፤ በጂንካ ግን አየር መንገዱም ፊሽካ ነበረው።

«ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት እዚህ ሲደርስ ይገለበጣል። ላሟ ምድር ላይ ተንደላቃ ትግጣለች፤ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠብቀው አብራሪው ነው።

አሁን አስፋልት የለበሰ ማረፊያ ተሠርቶ አውሮፕላኑ ከከተማው መሀል ወጥቷል። ሜዳው ግን የትም አልሄደም። ባጃጅ ውስጥ ገብተህ የምትሄድበትን ስትናገር «ከድሮው አየር ማረፊያ በላይ ነው በታች?» ተብለህ ትጠየቃለህ። አንድም አውሮፕላን የማያርፍበት ሜዳ ዛሬም የከተማውን ሰው ሁሉ ያሳርፋል።

አንድ ነገር ግን ግር አለኝ። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ለየማረፊያው ባለሦስት ፊደል ምልክት ይሰጣል። የጂንካ ምልክት «ቢ ሲ ኦ» ነው። አንድም ፊደል ጂንካን አይመስልም። ማረፊያው ባኮ ይባላልና። ባኮ ደግሞ ማን ናት?

ይህን የጠየቅኋቸው ሰው ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው። ከጀበና ቡና ሻጯ ልጅ አጠገብ፣ ከሐመር ሰው በገዙት ቦርኮቶ በሚባል ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። መደገፊያ ያለው ወንበር ወገብ ያሰንፋል ባይ ናቸው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው፣ ያኔ የካዛኽስታን ዋና ከተማ በነበረችው በአልማ አታ ተምረዋል። ዲፕሎማቸው ላይ ያለው ማኅተም አሁን የሌለ አገር ማኅተም ነው። «የተማርኩባት አገር ፈረሰች፤ የተማርኩባት ዋና ከተማ ተሻረች፤ ትምህርቱ ግን አለ» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ሁልጊዜ ግንባራቸውን ይነካሉ።

«ባኮ የጂንካ እናት ናት» አሉኝ። «ሹሙ፣ ጦሩ፣ ግብሩ ሁሉ እዚያ ተራራ ላይ ነበር። ጂንካ ያኔ ሜዳ ነበረች።»

«ታዲያ ምን አወረዳቸው?»

«ሜዳው ነዋ!»

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ሁለት ስኒ ቡና ፈጀ። የጋሼ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በዚህ አገር ዋና ከተማ የሚሄደው ቁልቁል ነው። ድሮ የሚፈራው ጦር ነበር፤ ጦር ከታች ይመጣልና ሹም ተራራ ላይ ይወጣል። ኋላ ግን የሚፈራው ነገር መኪና አለመምጣቱ ሆነ። መኪና ተራራ አይወድም፤ አውሮፕላን ጨርሶ አይወድም። ስለዚህ ሹሙ ማኅተሙን፣ ጸሐፊውንና እስረኛውን ይዞ ወረደ።

«ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርኩ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውኃው ወረዱ፤ አዲስ አበባ ሆነ። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወረደ። ኢሉባቦር ከጎሬ ወደ መቱ። ባሌ ከጎባ ወደ ሮቤ። ጋሞ ጎፋ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ፤ እሱ እንኳ መውረድ አይባልም፣ መውደቅ ነው፤ ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ፣ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ። ባኮም ወደ ጂንካ፣ 1,500 ሜትር አካባቢ።

ሰው ሐሳቡ ሲጥመው እንከን መፈለግ ልማዴ ነውና «አጼ ቴዎድሮስስ? ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ ሽቅብ ወጥተው የለም እንዴ?» አልኳቸው።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «መጨረሻውን ታውቃለህ» አሉኝ።

አልማ አታም ወርዳለች፣ እንደ ጋሼ አባባል። ከተማዋ በረዶ ከማይለየው ተራራ ሥር ናት። የከተማው ሰው መንገድ ሲያሳይ ሰሜን ደቡብ አይልም፤ «ወደ ላይ» ካለ ወደ ተራራው ማለቱ ነው። ከ1929 ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዋና ከተማ ሆና ኖራ በ1997 መንግሥቱ ዕቃውን ጠቅልሎ ነፋስ ወደሚነዳው የሰሜን ሜዳ ወረደ። የተወረደባት ከተማ ያኔ አክሞላ ትባል ነበር። በዓመቱ አስታና ሆነች። በ2019 በቀድሞው ፕሬዚዳንት ስም ኑር ሱልጣን ተባለች። በ2022 ተመልሳ አስታና ሆነች። «ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰው መከራውን አየ» አሉ ጋሼ፤ እዚያ ደብዳቤ የሚጽፉለት ሰው እንዳላቸው ግን አልነገሩኝም።

የጋሼ ሐሳብ ወደ ሳይንስ የሚጠጋው ፖም ላይ ሲደርሱ ነው። አልማ አታ በፖም የታወቀች ናት። የዛሬው ፖም ሁሉ ዋና ቅድመ አያት በዚያ አካባቢ በቲየን ሻን ተራሮች የሚበቅለው የዱር ፖም መሆኑን የዘር አጥኚዎች አረጋግጠዋል። እሺ። ጨንቻስ? ዋና ከተማነቱን አርባ ምንጭ ወስዶባት፣ ዛሬ የአገራችን ሰው ጨንቻን የሚያውቃት በምንድን ነው? በፖም!

«ዋና ከተማነት ሲነጠቅ ፖም ይሰጣል» አሉ ጋሼ።

«ባኮስ ምን ተሰጣት?»

ጥቂት አሰቡ። «አውሮፕላን ማረፊያ» አሉ። አውሮፕላን ሊያርፍባት ስላልቻለ የተተወችው ተራራ፣ ካሣ ይሁን ብለው አውሮፕላን ማረፊያ በስሟ ሰየሙላት።

እንግዲህ የቀድሞዋን ዋና ከተማ ሳያዩ የአሁኗን ጎበኘሁ ማለት አያምርምና በሞተር ሳይክል ሽቅብ ወጣሁ። ጋሼ አብረውኝ እንዲመጡ ብለምናቸው «እኔ የታሪክን አቅጣጫ አልቃወምም» ብለው ከቦርኮቷቸው አልተነሡም። የአሪ አገር ደጋው ያማረ ነው፤ እንሰቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከሥሩ ቡና፣ ከቡናው ሥር ኮረሪማ። ቤተ መንግሥት ፍለጋ የሄደ ሰው የሚያገኘው እንሰት ነው። እውነቱን ለመናገር ለአንድ የቀድሞ ዋና ከተማ ከዚህ የተሻለ ጡረታ አላውቅም። የሹም ግብር ቀርቶ የሚበላ ነገር በቅሎበታል።

ከዚያ ከፍታ ቁልቁል ሲያዩ ግን ሹሞቹ ለምን ወጥተው እንደሰፈሩ ይገባል። አገሩ ሁሉ ወደ ደቡብ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ማጎ ሜዳ፣ ከዚያ ኦሞ፣ ከዚያ ጭጋግ። በፈረንጆቹ 1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከኦሞ ማዶ፣ ከከፋ ተነሥቶ፣ እስከ ሐይቁ ዳር ወርዶ ባንዲራ ተክሎ ተመልሷል። ያኔ ሩዶልፍ ይባል የነበረው፣ የዛሬው ቱርካና ነው። ከጦሩ ጋር ቡላቶቪች የሚባል የሩሲያ መኮንን ነበረ፤ ጉዞውን መጽሐፍ አድርጎ ጽፎታል፤ ኋላም መነኮሰ። ጋሼ ይህን ሩሲያዊ አብረውት የተማሩ ያህል ነው የሚያወሩለት። «ያን ጊዜ እነሱ እኛ ዘንድ መጡ፤ በእኔ ጊዜ እኛ እነሱ ዘንድ ሄድን፤ ዕዳ የለብንም።»

ተመልሼ ወደ ገበያው ወረድኩ። የጂንካ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜው ትልቁ ነው። ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ቱርሚ ሰኞ፣ ዲመካ ቅዳሜና ማክሰኞ ይቆማል። አስጎብኚ ሁሉ ይህን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ የእንግዳው ሳምንት የሚከፋፈለው በዚህ ነው።

በገበያው ኮረሪማ የምትሸጥ አንዲት የአሪ ሴት አጠገብ ቆምኩ። ቲሸርት ለብሳለች፤ በላዩ ነጠላ ጣል አድርጋለች። ሦስት ፈረንጆች በአጠገቧ ሲያልፉ ካሜራቸውን ወደ ታች አወረዱ። ትንሽ ራቅ ብላ ፀጉሯን በቅቤና በቀይ አፈር ያሳመረች የሐመር ሴት ስትመጣ ካሜራው ሁሉ ብድግ አለ። ሴትዮዋ ቀድማ ዋጋ ተናገረች። ክፍያው በፎቶ ነው፤ ሕፃን የታቀፈች እንደሆነ ሕፃኑም ይቆጠራል። ፈረንጁ ሊከራከር ሞከረ። አልተሳካለትም። በዚያ ገበያ ከእሷ የጠነከረ ነጋዴ አላየሁም፤ ሸቀጧን አሳይታ፣ ዋጋዋን ተቀብላ፣ ሸቀጧን መልሳ ይዛ ሄደች።

ባለ ኮረሪማዋ ታዝባ ታዝባ «እኔንስ ማን ያነሣኛል?» አለችኝ። «ቲሸርቴ አዲስ ነው።»

የጂንካ ችግርም ይኸው ይመስለኛል። ቲሸርት ለብሳለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የእርሻ ምርምር ማዕከል አላት፣ ሞተር ሳይክል የሚታጠብበት ነሪ የሚባል ወንዝ አላት፣ ወረፋ ያለበት ባንክ አላት። አሥራ ስድስት ብሔረሰብ የሚኖርበት የደቡብ ኦሞ ምድር ሰው ሁሉ፣ ማሌው፣ በናው፣ ፀማዩ፣ ዳሰነቹ፣ ኛንጋቶሙ፣ ቦዲው፣ ለጉዳይ ሲመጣ የኖረው እዚህ ነው። ለፎቶ ሳይሆን ለማመልከቻ፣ ለሕክምና፣ ለልጅ ትምህርት። በናው ልብሱንና ዶቃውን እንደለበሰ ከቢሮ በር ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ያየሁት እዚህ ነው። ያንን ወረፋ ያነሣው ካሜራ ግን አላየሁም። ወረፋ ላይ ያለ ሰው የጥንት አይመስልም፤ እኛን ይመስላል።

ስለ ቢሮ ከተነሣ አይቀር፣ ዋና ከተማነት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ታች መውረድ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም መስፋት ጀምሯል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ማዕከሉን ለስድስት ከተሞች አካፈለ፦ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ካራትና ጂንካ። ከዚያ ቀደም ብሎ የደቡብ ምዕራብ ክልልም ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አድሏል። ነገሩ የበዓል ቅርጫ ነው። አንዱ ታናሽ፣ አንዱ ታላቅ፣ አንዱ ሽንጥ ደርሶታል፤ ጨጓራው ለማን እንደደረሰ የሚታወቀው ጉዳይ ይዘህ ስትዞር ነው። ቅርጫ ፍትሐዊ ነው፤ ችግሩ በሬው ተመልሶ እንዲነሣ ስትፈልግ ነው። ባለ ጉዳይ ደግሞ የሚፈልገው ሙሉ በሬ ነው፣ የሚሄድ።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁና፣ የእኔ ጉብኝት አንድ ቦታ እንደጎደለው ነገሩኝ። ኮረብታው ላይ ያለውን ሙዚየም።

የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1993 ነው። ዋናው መሥራቹ ከሐመር ሰዎች ጋር ብዙ ዓመት የኖረው ጀርመናዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቮ ስትሬከር ነው። ከግቢው ከተማው በሙሉ ይታያል፤ የድሮው ሜዳም መሀል ላይ ተዘርግቶ ይታያል። እዚያ ቆሜ ሳለሁ የጋሼ ነገር በሌላ በኩል መጣብኝ።

በኦሞ ሸለቆ ግርጌ፣ ኪቢሽ በሚባለው ሥፍራ፣ በ1967፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ የሪቻርድ ሊኪ ቡድን የዘመናዊ ሰውን ቅሪት አግኝቷል። በ2005 ሲመረመር ዕድሜው 195,000 ዓመት ገደማ ተባለ። በ2022 ደግሞ በላዩ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ እንደገና ተመርምሮ ቢያንስ 230,000 ዓመት አካባቢ ነው ተባለ። በአንድ ጥናት 35,000 ዓመት ተጨመረበት! በአገራችን ዕድሜውን የሚያስቀንስ እንጂ የሚያስጨምር አላየሁም፤ ኳስ ተጫዋቹም የመንግሥት ሠራተኛውም ወደ ታች ነው የሚያስጽፈው። ኪቢሽ ያለው ሰውዬ ግን ምንም ሳይል ዝም ብሎ ተቀበለ። ጡረታው ቢታሰብ የትኛው መሥሪያ ቤት ይችለዋል?

ወደ ቡናው ተመልሼ ለጋሼ ይህን አነሣሁላቸው። የመጀመሪያው ሰው የነበረው ታች ከሆነ ዋና ከተማዎቻችን ወደ ታች መውረዳቸው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው ማለት ነው አልኳቸው። ለሐሳባቸው ዘውድ የደፋሁላቸው መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበሩ። በጣታቸው መሬቱ ላይ መስመር እያሰመሩ ነበር።

«ባኮ» አሉ፣ ከላይ ነጥብ አድርገው። «ጂንካ» አሉ፣ ዝቅ አድርገው። «ከጂንካ በታች ምን አለ?»

«ዲመካ፣ ቱርሚ» አልኳቸው።

«ከቱርሚ በታች?»

«ኦሞራቴ። ከባሕር ወለል 400 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ሐይቁ ነው፤ ከሐይቁ ማዶ ኬንያ ነው።»

«ስለዚህ ኦሞራቴ ነው የሚቀረው» አሉ ጋሼ፣ ከመንግሥት የተላከ ደብዳቤ እንዳነበቡ ያህል ረግተው። «ሜዳ ነው። አውሮፕላን ያርፋል። ወንዝ አለው።»

«ሙቀቱስ?»

«አልማ አታን ትተው የሄዱበት ቦታ ክረምቱ ከዜሮ በታች አርባ ይደርሳል። ሹም የአየር ጠባይ አይመርጥም።»

ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስትሰማ የቆየችው ቡና ሻጭ ስኒ ማለቅለቋን አቆመች።

«ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት ግራ ቀኝ አይታ። «ኦሞራቴ ላይ ቦታ አሁን ስንት ነው?»